«ስንት ናችሁ?» ብቻዬን መርከብ የምሳፈርበት ቀን

በመዝናኛ መርከብ (ክሩዝ) ጉዞ የመጀመሪያ ቀን ይህን ጥያቄ ቢያንስ አምስት ጊዜ እጠየቃለሁ። ሻንጣ የሚቀበለው ሰውዬ ይጠይቀኛል። ወረፋ የምታስይዘው ልጅ ትጠይቀኛለች። ፎቶ አንሺው ይጠይቀኛል። ምግብ ቤቱ በር ላይም ያው ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንድ»።

የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቃል ስናገር የሆነ ጥፋት ያጠፋሁ ይመስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። አሁን 11ኛ ጉዞዬን ጨርሼ ከተመለስኩ ገና ሳምንቴ ነው። እንግዲህ ለምዶብኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ «አብረን እንሄዳለን» ስንባባል ኖርን። የአንዷ ዕረፍት ሲደርስ የሌላዋ ልጅ ይታመማል። የአንዷ ልጅ ሲድን የሌላዋ ፈረቃ ይቀየራል። በአራተኛው ዓመት ብቻዬን ቆረጥኩ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ በስልክ «ደግሞ ባሕር ላይ? ብቻሽን? ምን ጎድሎሽ ነው?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ትልቅ ውሃ ዓባይና ጣና ነው። ጣናንም ቢሆን አንድ ጊዜ ገዳም ልትሳለም ተሻግራ፣ እስክትደርስ ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም።

ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሴቶች ጎትተው አስቀመጡኝ። «ሰው ብቻውን ይሄዳል እንዴ? እንዴት ነው ነገሩ?» አሉኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው የምጽፈው። ስለ ጉዞው ሁሉ ሳይሆን ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ። እኔ እንዳየሁት፣ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚያው ቀን ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል። አንዱ ወረፋ ሲይዝ ሌላው ሽንት ቤት ይሄዳል። እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ሻንጣዬም አብሮኝ ይገባል።

ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ስለሆነ እሱን ልገላገለው። የመርከብ ዋጋ የሚወጣው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ነው። ማስታወቂያው «በሰው 600 ዶላር» ካለ፣ ብቻዬን ስገባ ብዙ ጊዜ የምከፍለው የሁለት ሰው ነው። ማለትም ለሌለ ባል እከፍላለሁ። አያንኮራፋ፣ ልብስ አያዝረከርክ፣ እንደ ባል ካየነው ደህና ነው። የወደብ ታክስና የየቀኑ ቲፕ ግን የሚታሰበው በአንድ ሰው ነው። ለብቸኛ ተጓዥ የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ያሏቸው መርከቦችም አሉ። ኖርዌጂያን ኤፒክ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ስትጀምር እንዲህ ያሉ 128 ክፍሎች ይዛ ነው የመጣችው፤ እያንዳንዳቸው 100 ስኩዌር ፊት ገደማ። ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ደግሞ የሁለት ሰው ከፍሎ ብቻውን ለሚያድር ደንበኛ ለአንድ ሌሊት እጥፍ የደንበኝነት ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ የሌለው ባሌ ነጥብ ይሰበስብልኛል።

ወረቀት ላይ ግን ቀልድ የለም። ብዙዎቻችን የምንነሳው ከባልቲሞር ነው፤ የምንመለሰውም እዚያው ነው። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ ለሚመለስ ጉዞ፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርት ባይኖረው እንኳ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አሳይቶ መሄድ ይችላል። እዚህ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችን በልደት ሰርተፊኬት ይሄዳሉ። ይቻላል ማለት ግን ይመከራል ማለት አይደለም። መሀል ላይ ብትታመሙ ወይም መርከቧ ጥላችሁ ብትሄድ፣ ከደሴቱ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልጋችኋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ ከቤት የሚያመጣላችሁ ሰው የለም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱን ራሱን ያዙ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁም ያልተቃጠለ ይሁን። የምትሄዱበት አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ተርሚናል ላይ ልቅሶ አይሠራም፤ ስትመለስ አይቻለሁ አንዲት ሴትዮ።

ስማችንም ጣጣ አለው። የመጀመሪያውን ትኬት ስቆርጥ ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ። እኛ ሰው ስንጠራ እንዲያ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን የመጨረሻ ስም ሆኖ የተጻፈው የአያቴ ነው። መዝጋቢዋ ፓስፖርቱን ታያለች፣ ኮምፒዩተሩን ታያለች፣ እኔን ታያለች። «እነዚህ ሁለት ሴቶች እነማን ናቸው?» የምትል ትመስል ነበር። አባቴና አያቴ የማላውቃቸው የቤተሰብ ጠብ ያላቸው ይመስል አርባ ደቂቃ አስታረቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ፓስፖርቱን ከፊቴ ዘርግቼ ፊደል በፊደል ነው የምገለብጠው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ሰዓት ነው። ይኼ የእኛ ብቻ ችግር ነው። መርከብ የምትሳፈሩበት ሰዓት ቀድሞ ይመደብላችኋል፤ ስልካችሁ ላይ ቼክ-ኢን ስታደርጉ ትመርጣላችሁ። አንዴ የእኔ 11 ሰዓት በፈረንጅ ደረሰኝ። የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ስድስት ወሩ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ሳምንቱ ነበር። የተርሚናሉ ፓርኪንግ የሚከፈለው በቀን ስለሆነ እሱ ያድርሰኝ አልኩ። «እሑድ 11 ሰዓት እዚያ መገኘት አለብኝ» አልኩት። «እሺ አክስቴ» አለኝ። እሑድ ጠዋት በፈረንጅ 10 ሰዓት ላይ ሻንጣዬን በር ላይ አቁሜ ደወልኩለት። ፀጉር ቤት ነው! «ምን ያስቸኩልሻል? ገና ሰባት ሰዓት አለን እኮ!» አለኝ። እሱ የያዘው ያገራችንን 11 ሰዓት፣ ማለትም ሊመሽ ሲል ነው። በእሱ ስሌት ብንሄድ መርከቧ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር የምንደርሰው። ግማሽ ጭንቅላቱን ተቆርጦ መጣ። እስከ ዛሬ ፎቶው አለኝ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በሐበሻ ነው።

መርከቧ 10 ሰዓት ትነሳለች ማለት 10 ሰዓት ላይ ሮጣችሁ ትገባላችሁ ማለት አይደለም። የተሳፋሪው ዝርዝር ከመነሳቷ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። በሩ ቀድሞ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ከፍሎሪዳ ስነሳ፣ ከማያሚም ሆነ ከፎርት ላውደርዴል፣ ባለቀ ሰዓት አልበርም። ከአንድ ቀን በፊት ሄጄ አድራለሁ። አንድ የዘገየ በረራ የሚያስከፍለኝ ሙሉ ጉዞውን ነው። የሆቴሉ ሂሳብ ያንገበግባል፤ ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

የሰሞኑ ጉዞዬ ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ ነበር፤ 5 ሌሊት። ከሲልቨር ስፕሪንግ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ካለ አንድ ሰዓት አይሞላም። ተርሚናሉ ያለው ሳውዝ ሎከስት ፖይንት፣ አይ-95 ሥር ነው። እንደ ማያሚ የመስታወት ቤተ መንግሥት አትጠብቁ። ዱሮ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። ትንሽ ስለሆነ አያጠፋፋም፤ ከመኪና ወርዶ በሩ ጋ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

መኪናው እንደቆመ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው «ስንት ናችሁ?»። ትልቁን ሻንጣ ለእነሱ ስጡ፤ የክፍላችሁ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በደንብ መታሰሩን እዩ። እኔ በፕላስተር ጭምር ነው የምጠመጥመው። ለአንድ ሻንጣ ሁለት ዶላር በእጃቸው አደርጋለሁ፤ ለዚህ ብዬ ዝርዝር ብር ይዤ እወጣለሁ። ሻንጣው ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ይመሻል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ወረቀት፣ መነጽር፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በጀርባችሁ ይሁን። በነርስነቴ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በጭራሽ ለተሸካሚ አትስጡ። ከነብልቃጡ፣ ስማችሁ የተጻፈበትን ያዙ።

ሻንጣዬ ዘግይቶ ያስለቀሰኝ ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው። «አምስት ቀን ያለ ቡና?» ብዬ ጀበና፣ ሲኒ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ዕጣን፣ እሱ አልበቃ ብሎኝ ደግሞ ፈጥኖ የሚያያዝ ከሰል ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ። በፎጣ ጠቅልዬ። 9 ሰዓት ሲሆን የጎረቤቶቼ ሻንጣ ሁሉ ደረሰ። 11 ሰዓት ሆነ፣ የእኔ የለም። ኮሪደሩን ስመላለስበት የፎቁ አስተናጋጅ አዘነልኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ተደወለልኝና ወደ ታችኛው ፎቅ ውረጂ ተባልኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሻንጣዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አጠገቤ ካውያ የተያዘበት ሰውዬ፣ የቡና ማሽን የተያዘባት አሮጊት ተሰልፈዋል። ወንጀለኞች ነን።

ጥበቃው ከሰሉን አነሳ። አየኝ። ምድጃውን አነሳ። እንደገና አየኝ። ከዚያ ጀበናውን አውጥቶ አንገቱን ይዞ አገላበጠው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? «ቡና ማፍያ ነው» አልኩት። «በምን እሳት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጀበናውን መለሰልኝ። ምድጃው ጉዞው ሲያልቅ እንደሚመለስልኝ የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ። ከሰሉን ደግሞ ያገኘሁት አይምሰላችሁ።

ነገሩ ግን እውነት አለው። ባሕር ላይ እሳት ከተነሳ የሚሮጥበት ቦታ የለም። የሚያሞቅና የሚነድ ነገር ሁሉ ክልክል ነው፤ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያም ብዙ መርከቦች ላይ አይገባም። ቤት የተሠራ ምግብም በአብዛኛው አይፈቀድም። እናንተ የጋገራችሁት ዳቦ ቆሎ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ከሱቅ የተገዛና ያልተከፈተ ከሆነ ግን ያልፋል። እኔ አሁን የምይዘው ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን አንድ እሽግ ሚጥሚጣ ነው። የመርከብ እንቁላል ያለ ሚጥሚጣ አይወርድልኝም። አረቄ ለማሳለፍ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ብዙዎቹ አንድ ጠርሙስ ወይን በእጅ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ይይዙባችኋል።

ወደ ሰሞኑ ልመለስ። ፍተሻው እንደ አየር ማረፊያ ነው። ከዚያ መዝጋቢዋ ጋ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ «ስንት ናችሁ?»፣ «አንድ»። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስም ትጠይቃለች። ይህን ቦታ ባዶ አትተዉት። የእኅቴን ልጅ ስልክ ነው የምሰጠው። የክፍሌን ቁጥር፣ የመርከቧን ስም፣ የፓስፖርቴን ፎቶና የመድኃኒቶቼን ዝርዝርም ለእሱ ልኬ ነው የምወጣው። ሌላ ለማንም፣ በተለይ መርከብ ላይ ለተዋወቅኩት ሰው፣ የክፍሌን ቁጥር አልናገርም። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጨዋ ሰው ስለማይጠይቅ ነው።

መርከቧ ላይ በ6 ሰዓት ገደማ ገባሁ። ክፍሎቹ የሚከፈቱት ወደ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሺህ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቡፌው ይተማል። እኔ አልሄድም። ሄዳችሁ ከሆነ ግን እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። በሩ ላይ የሚረጩላችሁ አልኮል መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ ቫይረስ፣ ኖሮቫይረስን፣ እንደ ሳሙና አያስለቅቀውም።

እኔ በዚያ ሰዓት በቀጥታ የምሄደው ባዶውን ዋናውን ምግብ ቤት ፍለጋ ነው። ማንም ሳይቀድመኝ ኃላፊውን አገኘዋለሁ። ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። አንደኛው ስለ ጾም ነው። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ረቡዕ ዕለት አስተናጋጁን በእንግሊዝኛ «እየጾምኩ ነው» አልኩት። በአክብሮት ሳህኔን፣ ሹካዬን፣ ዳቦውን ጭምር አንስቶልኝ ሄደ። ምንም አትበላም ማለት መስሎታል። በረሃብ ተኛሁ። እናንተ «ቪጋን» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም በሉ፤ ቀኖቹን ቆጥራችሁ ንገሩ። ወጥ ቤቶቹ ውስጥ ብዙ የህንድ ሰዎች አሉ። እነሱ የሚሠሩት ምስር፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከበላችሁት፣ የሰፈር ምስር ወጥ ነው። እንጀራው ብቻ ነው የሚጎድለው። ግን ከመጀመሪያው ቀን መንገር ነው፤ ረቡዕ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መናገር ሰላጣ ያስበላል።

ሁለተኛው ይበልጣል። «ከሌሎች ጋር መቀመጥ እፈልጋለሁ» እለዋለሁ። ይህን ካላላችሁ ለአንድ ሰው የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛ፣ አምድ አጠገብ፣ ይሰጧችኋል። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ላደግን ሰዎች ያቺ ጠረጴዛ ቅጣት ናት። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ አራት ማታ ተቀጣሁባት። ስልኬን ሳነብ፣ የምግብ ዝርዝሩን እንደ ዳዊት ስደግም። በአምስተኛው ማታ ለመጠየቅ ድፍረት አገኘሁ፤ ግን ዘግይቷል። ሰዎቹ ተዋውቀው፣ የራሳቸው ቀልድ አብጅተው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው። ያን ቀን ሁሉም እንግዳ ነው። ባልና ሚስቱም ማንንም አያውቁም።

የዕለቱን ፕሮግራም ደግሞ አንብቡ። ብዙ መርከቦች በመጀመሪያው ማታ ብቻቸውን የመጡ ሰዎች የሚገናኙበት ሰዓት ያዘጋጃሉ። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ባር ነው። ባር ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ ውሃ ይዞ መቀመጥ ይቻላል።

ክፍሌ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው የበሩን መቆለፊያ ነው፤ ከዚያ ካዝናው መሥራቱን። ክፍል ስመርጥ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ፣ መርከቧ መሀል ላይ ነው የምመርጠው። እዚያ መናወጡ ይቀንሳል። በረንዳ ያለው ክፍል ያምራል፤ ለሌለ ባሌ በረንዳ ግን አልከፍልም። አስተናጋጁ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ደረቱ ላይ ስሙና አገሩ ተጽፏል። ፊሊፒንስ፣ ህንድ፣ ኢንዶኔዥያ ነው የሚበዛው። በየጉዞው «ኢትዮጵያ» የሚል ደረት እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ጊዜ ኬንያዊ አግኝቼ እንደ ዘመድ ተቃቅፈናል።

ከመነሳታችን በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። ሰዎች ያማርሩበታል። እኔ አላማርርም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባለው የመዝናኛ መርከብ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ዳርቻ ላይ ከድንጋይ ተላትማ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል። ያን ቀን የተሳፈሩ ብዙ መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የዚያን ጊዜው ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ ነበር የሚለው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች መደረግ አለበት። አሁን ቀሏል፤ ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ አይታችሁ፣ አደጋ ሲደርስ የምትሰበሰቡበት ቦታ ድረስ ሄዳችሁ የክፍል ካርዳችሁን ታስነብባላችሁ። ምልክቱ ሰባት አጭር ጩኸትና አንድ ረጅም ነው። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ከክፍሌ እስከዚያ ቦታ በደረጃ እሄዳለሁ፣ በሮቹን እየቆጠርኩ። በጨለማ «በዚህ ነው» ብሎ እጄን የሚስብ ሰው ስለሌለኝ።

10 ሰዓት ላይ ተነሳን። ከመነሳታችን በፊት ስልኬን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አደረግኩ። ይህን የረሳሁ ጊዜ የመርከቧ የስልክ ኔትወርክ ያዘኝና፣ አንዲት የእናቴ የሰላምታ ጥሪ የሳምንት አስቤዛ በላችብኝ።

ፎርት ማክሄንሪን በግራ አልፈን ብዙም ሳይቆይ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የነበረበት ቦታ ደረስን። ቀድሞ እዚህ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይጮህ ነበር። መጋቢት ላይ፣ በፈረንጅ ማርች 26፣ 2024 ሌሊት፣ ዳሊ የምትባል የጭነት መርከብ ኃይል ጠፍቶባት ምሰሶውን መታችው፤ ድልድዩም ተደረመሰ። ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ሌሊት ሠራተኞች። እኔ በዚያች ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ወደቡ እስኪከፈት ድረስ የባልቲሞር ክሩዞች ከኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ነበር የሚነሱት። አሁን ስናልፍ ሙዚቃው ይጫወታል፣ ሰው ይጨፍራል፤ ከአካባቢው የሆንን ግን ዝም እንላለን። አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ።

ወደ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ይመጣል። ለዚህኛው ላይኛው ፎቅ ላይ መውጣት ግድ ነው። ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ 186 ጫማ ነው። ትልልቆቹ አዳዲስ መርከቦች ባልቲሞር የማይመጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ አያሳልፋቸውም። የመርከባችን ጭስ ማውጫ ሲጠጋ የሚቆርጠው ይመስላል። ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ሊነካው ይሞክራል። እኔም ስንት ጊዜ አልፌበት አሁንም አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

በዚያ ግርግር መሀል ፎቶ አንሺው መጣ። «ስንት ናችሁ?» አንድ። «ብቻሽን?» ብሎ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ቀድሞ እንዲህ ሲሉኝ «ይቅር» ብዬ እሄድ ነበር። ከስድስት ጉዞ አንድም የእኔ ፎቶ የለኝም። አሁን «አዎ፣ ጥሩ አድርገህ አንሳኝ» ነው የምለው። ለእናቴ ላክሁላት። «ከሳሽ» አለችኝ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ የተመደብኩባት ጠረጴዛ ስድስት ሰው የምትይዝ ነበረች። ከፔንስልቬንያ የመጡ ሁለት እኅትማማቾች፣ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ፣ እና ሚስቱ ባለፈው ዓመት የሞተችበት ሌላ ሰውዬ። ሰውዬው ከሚስቱ ጋር 20 ጊዜ ሄዷል፤ ብቻውን ግን የመጀመሪያው ነው። ሜኑውን ይዞ ለሁለት ሰው ሊያዝ ሲል አፉ ላይ መለሰው። ሁላችንም ሰማን፤ ማንም ምንም አላለም። እኔ ሚጥሚጣዬን አውጥቼ በጠረጴዛው አዞርኩ። ፖስታ አዳዩ «ትንሽ ብቻ» የተባለውን አልሰማም። ለአስር ደቂቃ ውሃ ስናጠጣው ሰውዬው መሳቅ ጀመረ።

ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር። ከባልቲሞር ስትነሱ የመጀመሪያው ማታ አያታልላችሁ። ቼሳፒክ 200 ማይል ያህል ርዝመት ያለው ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ውሃው እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ጸጥ ያለ ነው። «እኔን እኮ ባሕር አይዘኝም» ብላችሁ በልታችሁ ጠጥታችሁ ትተኛላችሁ። ሌሊት ላይ ስትተኙ አትላንቲክ ይመጣል። ልብስ መስቀያዎቹ መንኳኳት ሲጀምሩ ያን ጊዜ ክኒን መፈለግ ዋጋ የለውም። እኔ ሜክሊዚን የሚባለውን የማቅለሽለሽ ክኒን ገና እራት ሳልበላ እወስዳለሁ። እንቅልፍ ያመጣል፤ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ፋርማሲስታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሻንጣዬ 11 ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር፤ ከሰል የለበትማ። ልብሴን ሰቀልኩ። የመርከቧን ዋይፋይ ለአንድ ቀን ገዝቼ ለእኅቴ ልጅ መልእክት ጻፍኩ፦ «ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተርሚናሉ ጋ ጠብቀኝ።» ወዲያው መለሰ።

«በየትኛው ነው አክስቴ? በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ? ፀጉር ቤት ቀጠሮ አለኝ።»